የፒዩሪታኖቹ ስንቅ

ጥቅምት ሲገባ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ኢንተርኔት ቤቶች በር ላይ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ ስንት ዓመት ሆነው። አሜሪካ በአዲስ አበባ መሐል የሚታወቀው በሰልፍ፣ በፎቶና በቀጠሮ ነው። ከ400 ዓመት በፊት ወደዚያው ምድር ስለተሻገሩት ፒዩሪታኖች ግን የሚነገረን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ለሃይማኖት ነፃነት ሲሉ አገራቸውን ጥለው ሄዱ»። ውሸት አይደለም፤ ባዶ ነው እንጂ። መንገድ የሚያውቅ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው። ወረቀቱን ማን ሰጣቸው? ስንት ከፈሉ? ስንቃቸው ምን ነበር? በየትኛው ወር ተነሡ? የሞቱትስ በምን ሞቱ?

ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ሳነሳ ዓ.ም. እላለሁ። «ክረምት» ስልም የነሱን ነው፤ የሐምሌን ዝናብ ሳይሆን ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቀውን በረዶ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ፒዩሪታን ሲባል ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ ትነሳለች፤ በሜይፍላወር የሄደው ጉባኤ ግን በትክክል ሲጠራ የተገንጣዮች ጉባኤ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ከተለየች በኋላም ጳጳሳቱ፣ የካህኑ ነጭ ልብስ፣ በጥምቀት ጊዜ በመስቀል ማማተቡ፣ ለቁርባን መንበርከኩ፣ ከመጽሐፍ የሚነበበው ጸሎት እንዳሉ ቀሩ። «ይህ ሁሉ ይወገድ፣ ቤተ ክርስቲያን ትጥራ» ያሉት ፒዩሪታን ተባሉ፤ ስሙ መጀመሪያ የወጣላቸው ለስድብ ነበር። አብዛኞቹ ከቤተ ክርስቲያኗ አልወጡም፤ ውስጥ ሆነው ሊያጸዷት ነበር የፈለጉት። ጥቂቶቹ ግን «ይህቺ አትጸዳም» ብለው ወጡና የራሳቸውን ጉባኤ አቆሙ። የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ ንጉሡ ስለሆነ ከአጥቢያ ቀርቶ በሰው ቤት ተሰብስቦ ማምለክ ከመንግሥት ጋር መጣላት ማለት ነበር።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት እምነት አድርገው፣ ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው አፎንሶ ሜንዴዝ ሥርዓቱን ሁሉ ልለውጥ ሲል አገሩ በጦርነት ታምሶ፣ በ1632 ንጉሡ የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀዋል። እንግሊዞቹም በ1642 ንጉሥና ፓርላማ ተዋግተዋል። እኔ የማወራው ከዚያ በፊት መርከብ ስለፈለጉት ነው።

አሁን «ፕሮሰስ» የምንለው ነገር ያኔም ነበር። የተገንጣዮቹ ጉባኤ ስክሩቢ በምትባል መንደር፣ የፖስታ ሹም በነበረው በዊልያም ብሩስተር ቤት ይሰበሰብ ነበር። ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ክልክል ስለሆነ በ1607 ከቦስተን (ከእንግሊዟ ቦስተን) በድብቅ ሊወጡ ከአንድ ካፒቴን ጋር ተዋዋሉ። ካፒቴኑ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ሌሊት አሳፍሮ፣ ለሹሞቹ አሳልፎ ሰጣቸው። ሹሞቹ ገንዘብ ፍለጋ የወንዱን ሸሚዝ ሳይቀር ፈተሹ፤ ከዚያ እስር ቤት። በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ የሆላንድ ካፒቴን ጋር ተነጋገሩ። ሴቶቹና ልጆቹ ዕቃውን ይዘው በትንሽ ጀልባ ቀድመው መጡና ባሕሩ ሲሸሽ ጀልባዋ ጭቃ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያዎቹ ወንዶች መርከብ ላይ እንደወጡ የታጠቀ ሕዝብ ከሩቅ ታየ፤ ካፒቴኑ መልሕቁን ነቅሎ ሄደ። ባል መርከብ ላይ፣ ሚስትና ልጅ ጭቃ ላይ። በኋላ በየፊናቸው ተሻግረው አምስተርዳም ተገናኙ፤ በ1609 ላይደን ገብተው ወደ 11 ዓመት ተቀመጡ።

ልብ በሉ፤ ላይደን የሃይማኖት ነፃነት ነበራቸው። ማንም አልነካቸውም። ታዲያ ለምን ለቀቁ? ሥራው፣ በተለይ ሽመናው፣ ከባድና ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ ልጆቻቸው በሥራ ጎብጠው እያደጉ፣ በዚያ ላይ ሆላንዳዊ እየሆኑባቸው ሄዱ፤ ሆላንድ ከስፔን ጋር የተዋዋለችው የ12 ዓመት ዕርቅም በ1621 ሊያበቃ ነበር። ነፃነትማ አግኝተው ነበር፤ ያላገኙት ልጆቻቸው እንግሊዛዊ ሆነው በነሱ ሥርዓት የሚያድጉበትን መሬት ነው።

ዋናዎቹ ፒዩሪታኖች የሄዱት በሌላ መንገድ ነው፤ በኩባንያ። በመጋቢት 1629 የማሳቹሴትስ ቤይ ኩባንያ ከንጉሥ ቻርልስ አንደኛ ቻርተር፣ ማለትም የማቋቋሚያ ፈቃድ፣ አወጣ። እንዲህ ያለ ቻርተር ኩባንያው ለንደን እንዲሰበሰብ የሚያስገድድ አንቀጽ ይኖረዋል፤ በዚህኛው ውስጥ ግን አልነበረም። ነሐሴ ላይ ካምብሪጅ ተሰብስበው ቻርተሩን ራሱን፣ ብራናውን፣ በመርከብ ይዘን እንሄዳለን ብለው ተስማሙ። ጆን ዊንትሮፕ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። የንግድ ኩባንያ ደንብ በዚህ ዓይነት የአገር ሕገ መንግሥት ሆነ። በኔ ግምት ከፒዩሪታኖቹ ሥራ ሁሉ ብልኃቱ ይህ ነው፤ አንዲት የጎደለች አንቀጽ።

በ1630ዎቹ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ዊልያም ሎድ በ1633 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን የሚፈለጉ ሰባኪያን በዙ፤ ተጓዡም ለንጉሡ የታማኝነት መሐላ እንዲምልና የቤተ ክርስቲያኗን ሥርዓት እንደሚጠብቅ ከአጥቢያው ቄስ ወረቀት እንዲያመጣ ተጠየቀ። ከቄሱ ሸሽተህ ለመሄድ ከቄሱ ወረቀት ማውጣት። ጆን ኮተንና ቶማስ ሁከር የተባሉት ሰባኪያን በ1633 ሲወጡ አሳዳጆቹ ዋይት ደሴት ላይ ይጠብቋቸው ነበር፤ መርከቧ እዚያ መቆሟ ስለሚታወቅ። እነሱ ግን ዳውንስ በሚባለው የመርከብ ማረፊያ በኩል ገቡ።

ወደ ገንዘቡ። ለአንድ ሰው መሳፈሪያ 5 ፓውንድ፣ ለአንድ ፈረስ 10 ፓውንድ፣ ለአንድ ቶን ዕቃ 3 ወይም 4 ፓውንድ። ፈረሱ የሁለት ሰው ይከፍላል፤ ሣርና ውኃው ቦታ ይይዛልና። 5 ፓውንድ 100 ሽልንግ ነው፤ የቀን ሠራተኛ በቀን ቢበዛ አንድ ሽልንግ በሚያገኝበት ዘመን። ጡት የሚጠባ ሕፃን በነፃ፣ ከፍ ያሉት ልጆች ደግሞ እንደ ዕድሜያቸው ከሙሉው እየተቀነሰላቸው ይሄዱ ነበር። አንድን አገልጋይ ልብስና ስንቅ አሟልቶ ማሻገር ከ16 እስከ 20 ፓውንድ ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ፒዩሪታኑ ስደተኛ ድሃ አልነበረም። ቤትና መሬቱን ሸጦ ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነአገልጋዩ የሚነሣ መካከለኛ ገበሬ ወይም የእጅ ባለሙያ ነው። ከ1630 እስከ 1640 በዚህ መልክ 20,000 ያህል ሰው ተሻገረ።

የላይደኖቹ ግን ድሆች ስለነበሩ በብድር ነው የሄዱት። ቶማስ ዌስተን የሚባል ነጋዴ 70 ያህል ባለ አክሲዮኖች አሰባሰበላቸው። አንድ አክሲዮን 10 ፓውንድ፤ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ተጓዥ ሁሉ ራሱ እንደ አንድ አክሲዮን ይቆጠራል፤ 7 ዓመት ሁሉም በጋራ ይሠራል፣ ከዚያ ትርፉ ይከፈላል። በሳምንት ሁለት ቀን ለራሳችን እንሥራ፣ የሠራነው ቤትም የራሳችን ይሁን ብለው ነበር። ነጋዴዎቹ ሁለቱንም ሰረዙ። ሳውዝሃምፕተን ላይ አንፈርምም ሲሉ ዌስተን ጥሏቸው ሄደ። ከወደቡ ለመነሣት 100 ፓውንድ ያህል ዕዳ ነበረባቸውና ከስንቃቸው ከ60 እስከ 80 ገንቦ ቅቤ ሸጡ። በኛ ሚዛን ከ15 እስከ 20 ኩንታል ቅቤ ነው። ለነጋዴዎቹ በጻፉት ደብዳቤ ዘይት እንደሌላቸው፣ ጫማ የሚጠግኑበት ሶል እንኳ እንደሌላቸው፣ ለየወንዱ ሰይፍ እንዳልደረሰ ይዘረዝራሉ። ባሕሩ ገና አልታየም።

የሜይፍላወር ሰዎች ግማሽ የሞቱበት ምክንያት ከሁሉ በላይ የመነሻ ወራቸው ነው። ሁለት መርከብ ነበራቸው፤ 180 ቶን የምትጭነው ሜይፍላወርና 60 ቶን የምትጭነው ስፒድዌል። ነሐሴ 5 ቀን 1620 አብረው ተነሡ። ስፒድዌል ውኃ አስገባች፤ ዳርትማውዝ ገብታ ተጠገነች። ከተጓዦቹ አንዱ በጻፈው ደብዳቤ በጣት ተስቦ የሚነቀል ሁለት ጫማ ርዝመት ያለው ሳንቃ እንደነበረና ውኃው በዚያ በኩል በፍልፈል ጉድጓድ እንደሚገባ ሁሉ ይገባ እንደነበር ይናገራል። እንደገና ወጡ፤ እንደገና አፈሰሰች፤ ፕሊማውዝ ገብተው ተዋት። በኋላ የተደረሰበት ምክንያት የሸራ ምሰሶዋ ለአካሏ መብዛቱ ነው። ሸራው ነፋስ ሲሞላ ምሰሶው ቀፎውን ያጣምመዋል፣ የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ይከፈታል። ቆማ ስትፈተሽ ደህና ትመስላለች። ጥሩው ነፋስ፣ አንድ ወር ሙሉና የወሩ ስንቅ በወደብ አለቀ። 20 ያህል ሰው ቀረ፤ የቀሩት 102 ሆነው በአንድ መርከብ መስከረም 6 ቀን ተነሡ። የዛሬ መጻሕፍት መስከረም 16 የሚሉት በአዲሱ አቆጣጠር አዙረው ነው።

እዚህ ላይ ለኛ ብቻ የምትገባ ነገር አለች። እንግሊዝ ያኔ የጎርጎርዮስን ካሌንደር አልተቀበለችም፤ በአሮጌው፣ የኛ ቀመር በሚሄድበት ነበር የምትቆጥረው። ስለዚህ የነሱን ቀን በቀጥታ ወደኛ ማምጣት ይቻላል። ከፕሊማውዝ የተነሡት መስከረም 9 ቀን 1613 ዓ.ም. ነው፤ እንቁጣጣሽ በዋለ በሳምንቱ። ኬፕ ኮድ ወደብ ገብተው መልሕቅ የጣሉበትና 41 ወንዶች የመተዳደሪያ ውላቸውን የፈረሙበት ኅዳር 15 ነው፤ እኛ ጾመ ነቢያት የምንገባበት ዕለት። የመጀመሪያውን የጋራ ቤት መሥራት የጀመሩትስ? ታኅሣሥ 29፣ ገና። በዓላት መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አልታዘዙም ስለሚሉ በዚያ ቀን ዛፍ ሲቆርጡና ሳንቃ ሲሰነጥቁ ዋሉ። ቢራው ስላለቀ ውኃ መጠጣት የጀመሩትም ያን ዕለት ነው፤ ማታ ግን ካፒቴኑ ትንሽ ቢራ አወጣላቸው።

የባሕሩ ጉዞ 66 ቀን ነው። ከለገሐር ጢም ብሎ የተነሣ የአንበሳ አውቶቡስ መስኮቱን ዘግቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሳያራግፍ ሲሄድ አስቡት፤ መሐሉ ላይ ተፈታትታ የተጫነች ጀልባም አለች፣ ሰው ውስጧ ይተኛል። (ያቺ ጀልባ ተጨራምታ ስለደረሰች ለመጠገን ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀች፤ ማረፊያ ፍለጋው በዚያው ልክ ዘገየ።) በማዕበል መሐል ከመርከቧ ዋና ተሸካሚ አግዳሚዎች አንዱ ተሰንጥቆ ጎበጠ። ያዳናቸው ከሆላንድ ያመጡት ትልቅ ባለ ጥርስ ብረት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ብንሆን ክሪክ የምንለው። ከሥር አስገብተው አግዳሚውን ወደ ቦታው መልሰው በምሰሶ ደገፉት። በጉዞው ላይ ከተጓዦቹ የሞተው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ልጅም ተወልዷል። መርከቧ አልገደለቻቸውም ማለት ነው። የገደላቸው በታኅሣሥ ቤት ሳይኖር፣ ከጉልበት በላይ በሚደርስ በረዷማ ውኃ እየተራመዱ፣ በጨው ሥጋና በደረቅ ብስኩት ብቻ የቆየ አካል ይዘው መድረሳቸው ነው። በጸደይ የተረፉት ግማሽ ያህሉ ናቸው፤ ከመርከበኞቹም ግማሽ ያህሉ አለቁ።

የዊንትሮፕ ሰዎች ከዚህ ተምረዋል፤ የስንቅ ዝርዝራቸው ይመሰክራል። ቀድሞ የሄደው ሰባኪ ፍራንሲስ ሂጊንሰን ለአንድ ሰው ለአንድ ዓመት የሚያስፈልገውን ጽፎ ልኮላቸው ነበር። ወደኛ መስፈሪያ ሳመጣው ዱቄት 2 ኩንታል ገደማ፣ አተር ግማሽ ኩንታል፣ የአጃ ዱቄት ከዚያ ትንሽ ያነሰ፣ ቅቤ 25 ኪሎ፣ ዘይት 4 ሊትር፣ አረቄ 4 ሊትር፣ አቼቶ 8 ሊትር ያህል ይሆናል። እህሉ ተፈጭቶ የሚሄደው እዚያ ወፍጮ ስለሌለ ነው። የአንድ ዓመት የሚሆነው ደግሞ በሰኔ የደረሰ ሰው ለዘር ስለሚዘገይ ነው፤ የመጀመሪያ ምርቱን የሚያየው በሚቀጥለው ዓመት መኸር ነው። ልብስ፦ 4 ጫማ፣ 3 ሸሚዝ፣ 3 ካልሲ፣ አንድ የሱፍ ቆብ፣ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ የሚሰፋበት ሸራ። መሣሪያ፦ ሰፊና ጠባብ መኮትኮቻ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ሁለት ዓይነት ምሳር፣ ሁለት ዓይነት መጋዝ፣ 4 መሮ፣ መሰርሰሪያ፣ የሚሳልበት ድንጋይ፣ ምስማር። የጦር ዕቃ፦ ጠመንጃ፣ ሰይፍ፣ 9 ኪሎ ባሩድ፣ 27 ኪሎ እርሳስ። አንድ የብረት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ የእንጨት ሳህን። መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ። ቅመም ከዝርዝር የማይወጣባቸው ሰዎች መሆናቸው ደስ ይላል።

ከዚህ የበለጠ የምወደው ግን ዊንትሮፕ ከደረሰ በኋላ እንግሊዝ ለቀረችው ለሚስቱ ለማርጋሬት የጻፈው ምክር ነው። መከራውን ያየ ሰው እጅ አለበት። እንቁላሉን በጨው ወይም በተፈጨ ብቅል ውስጥ ቅበሪው፤ ስንቅሽን ቁልፍ ባለው ጠንካራ ሣጥን አድርጊው፣ ሣጥኑም መርከቡ ውስጥ እጅሽ በሚደርስበት ይቀመጥ፤ ለባሕር ላይ መጠን መጠኑ የተለያየ ሁለት ሦስት መጥበሻ ለብቻ ያዢ፤ ለመርከበኞቹ የምታድይው የወይን ጠጅ አትርሺ። የመጨረሻዋ ጉርሻ መሆኗ ነው፤ መርከብ ላይ እሳትና ውኃ ማን ቀድሞ እንደሚያገኝ የሚወስነው መርከበኛው ነው። «እጅሽ በሚደርስበት» የሚለውም ቀልድ አይደለም፤ ከበርሜል ሥር የተቀበረ ስንቅ እስኪደረስ የለም ማለት ነው። ለስከርቪም የሚጠጣ ቅጠል ከገውዝና ባሩድ ከሚሠራበት ጨው ጋር አዘዘላት።

ስከርቪ ማለት የቫይታሚን ሲ እጥረት ነው። ትኩስ አትክልትና ፍሬ ከጠፋ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ የቆየ ቁስል ይከፈታል፣ ጉልበት ይከዳል። የመርከብ ምግብ ደግሞ ይህንኑ ቫይታሚን የማያውቅ ነው። ብስኩቱ የዳቦ ቆሎ ታላቅ ወንድም፣ ሥጋው ጨው የበላው፣ አተሩ ደረቅ። አቼቶም ለዚህ አይረዳም። ሎሚ ነው የሚረዳው፤ ይህንን በሳይንሱ ባያውቁትም በልምድ ያውቁ ነበር።

ዊንትሮፕ የተሳፈረባት አርቤላ 350 ቶን፣ 28 መድፍና 52 መርከበኞች ነበሯት። 40,000 ሊትር ያህል ቢራና የዚያ ሲሶ ያህል ውኃ ጫነች። ፒዩሪታን ጠጪ ሆኖ አይደለም፤ በበርሜል የተቀመጠ ውኃ በሳምንታት ውስጥ ይሸታል፣ ቢራ ይቆያል። 11 መርከብና 700 ያህል ሰው ነበሩ። ሚያዝያ 8 ቀን 1630 ከዋይት ደሴት ተነሥተው ሰኔ 12 ሳሌም ደረሱ፤ ወሩን አልሳቱትም። የዊንትሮፕ የዕለት ማስታወሻ እዚህ ላይ ሕያው ነው። ልጆቹና ሴቶቹ በባሕር ሕመም ሲወድቁ ከመርከቡ ኋላ እስከ ዋናው ምሰሶ ገመድ ወጠሩና ግማሹን በወዲህ፣ ግማሹን በወዲያ አቁመው እስኪሞቃቸው ድረስ ገመዱን ከፍ ዝቅ አስደረጓቸው። ወዲያው ዳኑ። አንድ አገልጋይ ደግሞ ሦስት ሳንቲም የማታወጣ ሣጥን ለአንድ ልጅ «በቀን ሦስት ብስኩት» ብሎ ሸጠለት፤ 40 ያህል ተቀብሎ ለሌሎች ሲቸረችር ተያዘ። እጁን ከብረት ጋር አስረው፣ ድንጋይ የሞላ ቅርጫት አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ሁለት ሰዓት አቆሙት። ባሕር ላይ ብስኩት ገንዘብ ነው። ሊደርሱ ሲሉ በሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 67 ኮድ ዓሣ ያዙ፤ በማግሥቱ ከየብስ የአትክልት ቦታ ሽታ መጣላቸው።

እንዲህ ተዘጋጅተው ከሚያዝያ እስከ ታኅሣሥ 200 ያህል ሰው ሞተባቸው። ምን ተበላሸ? ቀድመው የላኳቸው ሰዎች ቤትና እህል ያዘጋጃሉ ተብሎ ነበር፤ ሲደርሱ ከነዚያ ከ80 በላይ ሞተዋል፣ የቀረው እህል ለሁለት ሳምንት አይበቃም። ለ180 አገልጋዮች የተመደበው ስንቅ ከአንድ መርከብ ወርዶ ወደ ሌላ ሊጫን ሲል የታመኑት ሰዎች ሳይጭኑት ቀሩ። ሊመግቧቸው ስላልቻሉ በነፍስ ወከፍ እስከ 20 ፓውንድ ያወጡባቸውን አገልጋዮች በነፃ ለቀቁ። ከብቶቹ በየመርከቡ ረገፉ። መጀመሪያ የሰፈሩባት ቻርልስታውን ጥሩ ውኃ ስላልነበራት ምንጭ ወዳለባት ባሕረ ገብ መሬት ተሻገሩ፤ ያቺ ናት ቦስተን። ዊንትሮፕ ቀድሞ ላየን የተባለችውን መርከብ ስንቅ እንድታመጣ ልኳት ነበርና በየካቲት 1631 200 ቶን ዕቃና የሎሚ ጭማቂ ይዛ ገባች። በስከርቪ የወደቁት በሎሚው ተነሡ፤ የታወጀው ጾም ተሰርዞ የምስጋና ቀን ሆነ። የሜይፍላወሮቹ ግን በኅዳር 1621 የመጣችላቸው ፎርቹን የተባለች መርከብ 35 አዲስ ሰው አራገፈችባቸው እንጂ አንዲት ብስኩት፣ አንዲት ድስት አልያዘችም። ክረምቱን በግማሽ ራሽን ገፉ።

መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ ባዶ ተደርጎ ነበር። ከ1616 እስከ 1619 ከአውሮፓ መርከቦች ጋር የመጣ ወረርሽኝ የባሕር ዳርቻውን ሕዝብ ጨርሷል። የሜይፍላወር ሰዎች ሰፈር፣ የአሜሪካዋ ፕሊማውዝ፣ የተቆረቆረችው ፓቱክሴት በምትባል የሞተች መንደር ማሳ ላይ ነው። የመንደሯ ሰው ቲስኳንተም በ1614 በአንድ እንግሊዛዊ ካፒቴን ተጠልፎ ስፔን ተሸጦ፣ እንግሊዝ ኖሮ፣ በ1619 ሲመለስ ማንንም አላገኘም። እንግሊዝኛ የሚያውቅ አስተማሪ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በቆሎ በጉብታ ተዘርቶ ከሥሩ ዓሣ እንደሚቀበር አሳያቸው። ከእንግሊዝ ያመጡት ስንዴና አተር አልሆነላቸውም፤ ያዳናቸው 20 ኤከር በቆሎ ነው። ዋምፓኖአግ ከሚባለው የአገሬው ሕዝብ መሪ ከማሳሶይት ጋር በመጋቢት 1621 ያደረጉት ውል በሱ ዕድሜ ጸና፤ ልጁ ሜታኮም ግን በ1675 ጦር ገጠማቸው።

የጋራ እርሻውም አልሠራም። ወጣቱ ለሰው ሚስትና ልጅ ለምን ልድከም አለ፤ በ1623 ለየቤተሰቡ የበቆሎ መሬት ሲከፋፈል ሴቶቹ ሳይቀሩ ሕፃን አዝለው ወጡ። የነጋዴዎቹን ዕዳ በ1627 በ1,800 ፓውንድ ገዝተው፣ በቢቨር ቆዳ ለመክፈል ብዙ ዓመት ፈጀባቸው።

እንግዲህ ነፃነቱ። ይህን ሁሉ የከፈለ ሰው ለማንም ክፍት የሆነ አገር ለመሥራት አልነበረም የመጣው። ትክክለኛዋን ቤተ ክርስቲያን የሚያቆምበት ቦታ ነው የገዛው፤ ሌላ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። በ1631 የቤተ ክርስቲያን አባል ያልሆነ ድምፅ እንዳይሰጥ ተወሰነ፤ አባል ለመሆን ደግሞ ጸጋ እንዴት እንዳገኘህ በጉባኤ ፊት መናገር ግድ እየሆነ መጣ። በዚያችው ላየን የመጣው ሰባኪ ሮጀር ዊልያምስ መንግሥት በእምነት ጉዳይ መቅጣት አይችልም፣ ንጉሡም የሰው መሬት መስጠት አይችልም ስላለ በ1635 ተፈረደበት። ወደ እንግሊዝ ሊጭኑት ሲመጡ በበረዶ ውስጥ ወጥቶ በማሳሶይት ሰዎች ዘንድ ተጠለለና በ1636 ፕሮቪደንስን ቆረቆረ። አዋላጇ አን ሃቺንሰን ቤቷ ሰው ሰብስባ ስብከት ስለመረመረች በ1637 ተባረረች። ኩዌከሮች የሚባሉት ሌሎች የክርስትና ወገኖች ሲመጡ መጀመሪያ ቅጣቱ ያመጣቸውን ካፒቴን 100 ፓውንድ ማስከፈል ነበር፤ ከዚያ ጆሮ መቁረጥ፤ ከዚያ ተባርሮ የተመለሰን ስቅላት። ከ1659 እስከ 1661 ቦስተን ላይ አራት ሰው ተሰቀለ፤ አንዷ ሜሪ ዳየር ነበረች። ስቅላቱን ያስቆመው እነሱ የሸሹት ዙፋን ነው፤ ቻርልስ ሁለተኛ ደብዳቤ ልኮ።

ገናን ማክበርም በ1659 አምስት ሽልንግ ማስቀጣት ጀመረ። ፕሊማውዝ ላይ በ1621 አዲስ የመጡት «በገና መሥራት ሕሊናችን አይፈቅድም» ሲሉ ገዥው ዊልያም ብራድፎርድ ተዋቸው፤ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አገኛቸው። መጫወቻቸውን ቀምቶ «የናንተ ሕሊና መሥራት ካልፈቀደ፣ ሌላው እየሠራ እናንተ መጫወታችሁን የኔ ሕሊና አይፈቅድም» አላቸው። የቦስተኑ ሕግ እስከ 1681 ቆየ። ያ በብልኃት የተሻገረው ቻርተር በ1684 ለንደን ላይ ተሰረዘ። በ1691 በወጣው አዲስ ቻርተር ድምፅ የሚሰጠው በንብረት ልክ ሆነ፤ የሕሊና ነፃነትም ለክርስቲያኖች ሁሉ ተፈቀደ፣ ካቶሊኮች ሲቀሩ።